መቅኖ ቢሱ ለጋሽ

ሚስቱ የለችም። ሌላው ሁሉ አለ። አልጋው አለ፣ መጋረጃው አለ፣ ከላይ ፎቅ ወንበር የሚጎትተው ሰውዬም አለ፤ እሱማ ጭራሽ የሚሞት አይመስልም። ቀትር ነው። ሰው ሁሉ ምሳ በሚበላበት ሰዓት እሱ ተጋድሞ ጣራ ያያል። ሌሊት ሌሊት ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ የሚያጥብ ሰው እንቅልፉም ቀን ነው፣ የእንቅልፉ ጠላትም ቀን ነው። ዛሬ ግን እንቅልፍ የነሳው ወንበሩ አይደለም። አጥንቱ ነው። ዳሌው ይጠዘጥዘዋል፣ ወገቡ ይጠዘጥዘዋል፣ ደረቱ መሃል ያለችው፣ እስከ ዛሬ መኖሯንም የማያውቃት አጥንት ሳትቀር «እኔም አለሁ» ትላለች። ነርሷ አስጠንቅቃው ነበር። መርፌውን ሆዱ ላይ ወጋ አድርጋ፣ «አጥንትህ ውስጥ ያለው ፋብሪካ ትርፍ ሰዓት እየሠራ ነው፤ ቢያምህ አትደንግጥ» አለችው። ትርፍ ሰዓትን እሱ ያውቀዋል። ትርፍ ሰዓት ሠርቶ ወገቡን ያልያዘ ሰው አይቶ አያውቅም። ስለዚህ አልደነገጠም፤ ዝም ብሎ ይገላበጣል፣ በተገላበጠ ቁጥር አልጋው ይጮሃል፣ አልጋው በጮኸ ቁጥር ከላይ ያለው ሰውዬ መልስ የተሰጠው ይመስል ወንበሩን ይጎትታል።

የተጀመረው በጥጥ ነው። ሚስቱ አገር ቤት ታመመች፤ የደም ካንሰር ነው ተባለ፤ መቅኔዋ ክፉ ደም እየሠራ ነው፣ ጤነኛ መቅኔ የሚሰጣት ሰው ከተገኘ ውጭ ሄዳ ትታከማለች ተባለ፤ የወንድሟ አልገጠመም ተባለ። እሱ እዚህ ሆስፒታሉ በር ላይ ሄዶ ተገተረ፤ «የኔን ውሰዱ» ይላል፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ደም የሚሰጥ መስሎት። በስልክ አስተርጓሚ አገናኙት። የዚህን አስተርጓሚ ፊት አይቶት አያውቅም፤ ድምፁን ግን ገበያ መሃል ቢሰማው ይለየዋል። እንደ ድሮ ሬዲዮ ነው የሚናገረው። «እንደምን አረፈዱ፣ ክቡር ሆይ። የጉንጭዎን ውስጠኛ ገጽ በጥጥ ይዳብሱ ዘንድ በትሕትና ይጠየቃሉ።» ዳበሰ። ጥጡ ሄደ፣ መልሱ መጣ፤ አይገጥምም። ባልና ሚስት አብዛኛውን ጊዜ አይገጥሙም አሉት። ይህንን እኮ አማቱ ከሠርጉ በፊት ነግረውት ነበር፤ ያውም ያለ ጥጥ። «ለሌላ በሽተኛ ቢገጥም እንድንጠራህ ትፈቅዳለህ?» ሲሉት እሺ አለ። ያን ቀን አንድ እግርህን ስጠን ቢሉትም እሺ ይል ነበር።

ከዚያ ሞተች። ቀብሯን በስልክ አየ፤ ማየት ከተባለ። ስልኩን የያዘው ወንድሟ ነው፤ ረጅም ስለሆነና ኔትወርክ ፍለጋ ሁልጊዜ እጁን ሰቅሎ ስለሚዞር አንቴና ይሉታል። አንቴና የምስል ጥሪ መሆኑን ረስቶ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው። የሰው ጆሮ ውስጥ ያን ያህል ፀጉር እንደሚበቅል እሱ ያን ቀን አወቀ። «አንቴና፣ አዙረው!» ይላል። «እሰማሃለሁ፣ እሰማሃለሁ፣ አይዞህ ወንድሜ» ይላል አንቴና እያለቀሰ። ልቅሶው ይሰማል፣ አፈሩ ሲወድቅ ይሰማል፣ የሚታየው ጆሮ ነው። አሁንም ሚስቱን ሲያስብ ያ ጆሮ ቀድሞ ይመጣና ፊቷን ይጋርደዋል። አንቴናን ተቆጥቶት አያውቅም። ምን ብሎ ይቆጣዋል? ጆሮህን ከሚስቴ ላይ አንሳ ብሎ?

ዓመቷ ሊወጣ ሲል ስልኩ ጮኸ። ያ ሬዲዮ ነው። «ክቡር ሆይ፣ ብሥራት ይዤልዎ መጥቻለሁ። ግንደ ህዋስዎ ከአንድ ሕሙም ጋር ተጣጥሟል።» «ምኔ?» «ግንደ ህዋስዎ። በተለምዶ ስቴም ሴል የሚሉት።» እሱ ግንድ ሲባል የሚታየው ተጋድሞ መጥረቢያ የሚጠብቅ እንጨት ነው። ነርሷ በትዕግሥት አስረዳችው፤ አጥንት ውስጥ፣ መቅኔው ላይ የሚኖር ህዋስ ነው፣ ገና ምን እንደሚሆን አልወሰነም፣ ቀይ ደም መሆን ይችላል፣ ነጭ ደም መሆን ይችላል፣ ደም የሚያረጋውን መሆን ይችላል፤ የታመመ ሰው ውስጥ ሲገባ ቤቱን ራሱ ፈልጎ አጥንቱ ውስጥ ይቀመጥና አዲስ ደም መሥራት ይጀምራል። ገና ምን እንደሚሆን አልወሰነም ስትለው ወዲያው አንቴና ታወሰው። አንቴና ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሹፌር ሊሆን ጀምሮ ትቷል፣ ፀጉር አስተካካይ ሊሆን ጀምሮ የአንድ ሰውዬ ግማሽ ራስ ላይ ትቷል። ይህን ሲነግረው አንቴና ደስ አለው። «እዚያ አገር እንዲህ ዓይነቱ ይፈለጋል ማለት ነው? እባክህ ይቺን ለእማዬ ንገርልኝ።»

«በሽተኛው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ስሙን አንነግርህም፣ የት እንዳለም አንነግርህም፤ ወንድ ነው፣ ስድሳ አልፎታል። ሽማግሌ! ለምን እንደሆነ አያውቅም፣ አንዲት ሕፃን ያላት ወጣት እናት ጠብቆ ነበር፤ አጥንቱ ዘግይቶም ቢሆን የት መድረስ እንዳለበት የገባው መስሎት ነበር። አብራው ለኖረች፣ አንድ ብርድ ልብስ ለተሻማችው፣ ልጅ ለወለደችለት ሴት እምቢ ያለ አጥንት ሄዶ ሄዶ ከማያውቀው ሽማግሌ ጋር ተስማማ። አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሬዲዮነቱ ጠፍቶበት፣ «ይህን ነርሷ አላለችም፤ እኔ ነኝ። አይዞህ» አለው።

መቅኔ። አገር ቤት ቃሉን በሌላ መልኩ ነው የሚያውቀው። ሚስቱን ሊያገባ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ተጠርቶ፣ አማቱ ትልቁን ቅልጥም መርጠው ሳህኑ ላይ አኖሩለት። ሰው ሁሉ ያየዋል። አንስቶ መጠመጠ። ምንም። ፊቱ እስኪቀላ፣ ዓይኑ እስኪፈጥ መጠመጠው፤ ቤቱ ውስጥ የሱ ፉጨት ብቻ ይሰማል። አማቱ እጃቸውን አጣምረው አዩትና፣ «ይሄ ልጅ መቅኖ ቢስ ነው» አሉ። እጁ የነካው የማይበረክትለት ማለታቸው ነው፤ ቅልጥሙን ብቻ ማለታቸው አልነበረም። ያኔ እሷ ተነሳች። አጥንቱን ከእጁ ወሰደች፣ «ይሄ በመምጠጥ አይወርድም፤ በመምታት ነው» አለች፣ የሳህኑን ጠርዝ ሁለት ጊዜ መታች፣ መቅኔው ሳይቆረጥ ሙሉውን ዱብ አለ፣ እየተንቀጠቀጠ። አንቴና አጨበጨበ። ስሙ ግን ተጣብቆበት ቀረ። ሠርጉም አለፈ፣ ልጅም ተወለደች፣ ለአማቱ እሱ መቅኖ ቢስ ነው፤ ቢያስነጥስም መቅኖ ቢስ፣ ወደ ውጭ ሲሄድም «እስቲ እዚያ መቅኖ ያገኝ እንደሆነ» ነው።

ዛሬ ጠዋት ነው የተበላሸው። አይ፣ እሱ ነው ያበላሸው። ልጁ የምትኖረው አማቱ፣ እማማ ዘንድ ነው፤ በየቀኑ ከእንቅልፉ በፊት ይደውላል፣ ልጅቷ የበላችውን ትነግረዋለች፣ ያልበላችውን እማማ ይነግሩታል፣ ያ ድምፅ ነው የሚያስተኛው። እና ዛሬ እንዳይደነግጡ ብሎ ቀድሞ መናገር አማረው።

«እማማ፣ ነገ ሆስፒታል ነኝ። አልታመምኩም። ግንዴን ልሰጥ ነው።»

«ምንህን?»

«ግንዴን። ሐኪሞቹ እንደዚያ ነው የሚሉት። በዘር ነው አሉ የሚገጥመው።»

«የዘር ግንድህን?»

«እንደዚያ በሉት።»

«ዓመቷ ሳይወጣ?»

«እነሱ ናቸው የቸኮሉት። ነርሷ በየቀኑ እየመጣሽ ትወጊኛለሽ ወይ ስላት…»

«ነርሷ!» አሉ እማማ። ይህቺን ቃል እንዲህ አድርጎ ያላት ሰው የለም። «ስማ። ዘርህን ለፈለግሃት ስጥ። እዚያው ውለድ፣ እዚያው አሳድግ። የዚህችን ልጅ ድምፅ ግን ከእንግዲህ አትሰማም።»

ስልኩ ተዘጋ። ደወለ። ጥሪ አይቀበሉም። ለአንቴና ደወለ፤ የአንቴና ስልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነው ኔትወርክ የሚያገኘው። እና አሁን ይኸው፣ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው፣ ጣራ ያያል። ለምን ነርስ እንዳስቆጣቸው አልገባውም። እማማ ነርስ ይወዱ ነበር።

መተው ይችላል። ነርሷ ራሷ ብላዋለች፤ ማንም አያስገድድህም፤ ግን እወቀው፣ ሰውየው ያንተን እንዲቀበል የራሱ መቅኔ በመድኃኒት ተጠርጎ ወጥቷል፣ አሁን ያንተ ካልገባለት አይኖርም። «ባዶ ቤት ነው» ብሎ ጨመረ አስተርጓሚው። ባዶ ቤት። ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ ያያል። አንድ ሳህን፣ አንድ ድስት፣ ግድግዳው ላይ ልጁ የሳለችው ባለ ስድስት እግር ዶሮ። ከሰጠ ልጁን ያጣል፤ እማማ ያሉትን የሚያጥፉ ሴት አይደሉም። ካልሰጠ ሽማግሌው ይሞታል። ሽማግሌውን ለመጥላት ሞከረ። አኩራፊ አደረገው፣ ቆንቋና አደረገው፣ በመጨረሻ ከላይ ፎቅ አወጣውና ወንበር አስጎተተው፤ ይህ ተሳካለት። እንግዲህ አስበው፣ አጥንትህን አውጥተህ ትሰጠዋለህ፣ እሱ ያገኘውን ጉልበት ወንበር ይጎትትበታል! ወዲያው ደግሞ ወንበሩ ዝም አለ። ቆየ። ዝም ሲል አስጨነቀው። ምነው? ወደቀ እንዴ? ጆሮውን ወደ ጣራው አቅንቶ ጠበቀ፣ ትንፋሹን ይዞ፤ ከዚያ ወንበሩ ሲጎተት በአልጋው ላይ «ተመስገን» አለ። ራሱን ታዘበ። እንዲህ ሆኖ እንዴት ይከለክላል?

አሁን ነገ ሆኗል፤ የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ነው። አንሶላውን በዓይኑ መረመረ፤ ያጠፈው ሰው ቸኩሏል፣ ጠርዙ አልገጠመም። ከግራ ክንዱ ደሙ ይወጣል፣ ማሽኑ ውስጥ ይሽከረከራል፣ የሚፈለገው ተለይቶ ከላይ ወደ ተሰቀለች ከረጢት ይሄዳል፣ የተረፈው በቀኝ ክንዱ ይመለሳል። ያሽከረክራል፣ ይለያል፣ ይመልሳል፤ የልብስ ማጠቢያ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ድምፁን ሲሰማ «ጭነት በዝቶበታል» ሊል ምንም አልቀረው። ሁለቱንም እጁን እንዳያንቀሳቅስ ተነግሮታል። ይህ እንደ ተነገረው አፍንጫውን በላው። ከንፈሩም መንዘር ጀመረ፤ ነርሷ ያለ ነው ብላ የሚታኘክ ካልሲየም አጎረሰችው። አፍንጫውን ግን በየትኛው ቋንቋ ይናገረው? አስተርጓሚው ጠረጴዛው ላይ ባለው የሆስፒታሉ ስልክ ውስጥ ተቀምጧል። «አፍንጫዬን በላኝ በልልኝ።» «አፍንጫዬ ተበላ ማለትዎ ነው?» ነርሷ ተደናግጣ አፍንጫውን ልታይ ጎንበስ አለች፣ ሙሉ ነው። በዚህ መሃል የራሱ ስልክ ጮኸ። «እማማ» ይላል። በዓይኑ ለመናት። ነርሷ አንስታ ፊቱ ላይ ያዘችለት።

ጆሮ። ያው ጆሮ፣ ያው ፀጉር።

«አንቴና፣ አዙረው!»

«እሰማሃለሁ! እማዬ ልታናግርህ ነው። አልተኛችም፤ እኛንም አላስተኛችን።»

«ስማ አንተ» አሉ እማማ ከጆሮው በስተኋላ። «ሰጥተህ ጨረስክ ወይስ ገና ነህ?»

«እየሰጠሁ ነው፣ እማማ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

«እያናገርከኝ?»

«ስልኩን ነርሷ ናት የያዘችልኝ፤ እኔ እጄን ማንቀሳቀስ አልችልም።»

ከጆሮው ወዲያ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። «ምን እያሉ ነው?» አለች ነርሷ። አስተርጓሚው ሥራው ነው፤ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመ፤ እኚህ እናት አማቻቸው ዘሩን ለእርስዎ በመስጠት ላይ እንዳለ ተረድተዋል ብሎ። ነርሷ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። እሱም ያን ጊዜ ገባው። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገባው፤ ግንዱም፣ ዘሩም፣ «ነርሷ!» የተባለችውም።

«እማማ፣ አይደለም! የሚወስደው ሽማግሌ ነው! ስድሳ ያለፈው ወንድ!»

እማማ በጣም ቀስ ብለው፣ «ለወንድ?» አሉ።

«እናቴ ሆይ፣ ይፍቀዱልኝ» አለ አስተርጓሚው።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«አስተርጓሚ ነኝ። ግንደ ህዋስ ማለት…»

«አንተ ነህ ጉድ ያረግኸኝ፣ በግንድህ!» አለ እሱ። «እማማ፣ መቅኖ ነው! የአጥንት መቅኖ! ያ እሷን ያመማት! መቅኖዬን ነው የምሰጠው!»

ማሽኑ ብቻ ይዞራል።

«አንተ?» አሉ እማማ። «አንተ መቅኖ የት አለህ?»

መጀመሪያ ጆሮው ነው የተንቀጠቀጠው። አንቴና ነው። ከዚያ የእማማ ሳቅ መጣ፤ ከቀብሩ ወዲህ ያልሰማው፣ ሞቷል ብሎ የተወው፣ እንደ ሮጠ ሰው ትንፋሽ የሚያጥረው ሳቅ። ሲስቁ ሲስቁ ቆዩና መሃል ላይ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ፤ ያንንም ጠበቃቸው። አስተርጓሚው ለነርሷ ለማስረዳት ይታገላል፤ ይህ ቃል አንዱ ትርጉሙ አጥንት ውስጥ ነው፣ ሌላው ግን ዕድልም በረከትም ነው፣ አማቱ በእሱ ላይ ያላቸው አስተያየት ደግሞ በሁለተኛው ነው ብሎ። ነርሷ ከረጢቷን ቀና ብላ አየችና፣ «ንገራቸው፤ ብዙ እየወጣለት ነው» አለች።

«ሽማግሌው ስንት ዓመቱ ነው አልክ?» አሉ እማማ አፍንጫቸውን ጠርገው።

«ስድሳ አልፎታል። እኔማ ለወጣት በሆነ ብዬ ነበር።»

«እኔስ ስንት የሆነኝ ይመስልሃል?»

«እማማ፣ እርስዎማ ገና…»

«አታሞኘኝ። እኩያዬ ነው። የሚጠብቀው ሰው አለው?»

«አይነግሩኝም።»

«ይኖረዋል» አሉ። «ስጠው። ሁሉንም አትስጠው ብቻ፤ ልጅ አለህ። ዛሬውኑ ቅልጥም ፈልገህ ብላ፤ የወጣው ይተካ።»

በዚህ ጊዜ ጆሮው ወደ ጎን ተገፋ። ስልኩን አንዲት ትንሽ እጅ ነጠቀችው፣ አዞረችው፣ ራቅ አድርጋ ያዘችው። ልጁ ናት። የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ማንም አልነገረውም። ከኋላዋ ቤቱ ሁሉ ይታያል፤ በሩ፣ እማማ፣ የወደቀው ብርጭቆ፣ ግድግዳው ላይ የእናቷ ፎቶ። ፊቷ። ምንም አልጋረደውም።

«አባዬ፣ ክንድህ ላይ ያለው ገመድ እንደ እማዬ ነው?»

«እንደ እማዬ ነው። የእማዬ ወደ ውስጥ ነበር የሚገባው፤ የኔ ወደ ውጭ ነው የሚወጣው።»

«ለማን?»

«ለአንድ አያት።»

አሰበችበት። «አፍንጫህ ለምን እንደዚህ ይሆናል?»

«በልቶኝ ነው። እጄ ታስሯል።»

«እከኪለት በላት!» አለች ልጁ በቁጣ፣ እና አስተርጓሚው ይህችን ያለ ስህተት ተረጎማት።

ከሰዓት በኋላ ከረጢቷ ሞላች፤ ነገ መምጣት አያስፈልግህም አሉት። አንድ ሰውዬ በረዶ የያዘች ሳጥን ይዞ መጣ፣ ከረጢቷን ከተተ፣ ሄደ። ያኛው ሽማግሌ የት እንዳለ ሳጥኗ ታውቃለች። ነርሷ፣ የሰጠኸውን ሰውነትህ በጥቂት ሳምንት መልሶ ይሠራዋል አለችው። ለእማማ ግን ይህን አልነገራቸውም፤ ቅልጥሙን አዘዋል። ሥጋ ቤት ገባ። የቅልጥምን ስም በዚያ ቋንቋ አያውቀውም። ጎንበስ ብሎ ባቱን ያዘና አሳየ። ሥጋ ሻጩ በአዘኔታ ከመንገዱ ማዶ ያለውን መድኃኒት ቤት ጠቆመው። ሁለት ጣቱን ግንባሩ ላይ ቀንድ አድርጎ «እምቧ» አለ፣ ከዚያ ባቱን ያዘ። ገባው። ሥጋ ሻጩ ትልቅ አጥንት አወጣና «ለውሻ ነው?» አለው። ለለጋሽ ነው ሊል ፈለገ፤ ያንንም ቃል አያውቀውም። አዎ አለ። ሥጋ ሻጩ ውሻ ወዳድ ነው፤ ስሙ ማነው ብሎ ጠየቀው። «አንቴና» አለ።

ጀምበር ሳትጠልቅ ቀቀለው። ከላይ ወንበሩ ይጎተታል፤ ይጎተት። አጥንቱን በፎጣ ይዞ ወደ አፉ አስጠጋ፣ ከዚያ ተወው። የሳህኑን ጠርዝ አንዴ መታ። ምንም። ሁለተኛ መታ። ዱብ አለ፤ ሙሉውን፣ ሳይቆረጥ፣ እየተንቀጠቀጠ። ፎቶ አነሳውና ለእማማ ላከው። ከዚያ ሳይበርድ በላው።